መሪውን ቀድሞ የሚያጭድ የለም

ከቄስ ይርጋ የተላከ፣ ጎጃም ቅኔ ቤት ካለው ከወንድሜ ከማሩ ይድረስ። እንደምን ከርመሃል? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን፤ የጉና ብርድ ብቻ ነው የሚቆነጥጠን።

ዘንድሮ ገብሱ ቢያምርም ደቦው አልሄድ አለን። ሥራ ለተጓተተበት ባላገር ምክር የሚሰጡትን አለቃ ንዋይን ከደብረ ታቦር አስመጣሁ። እሳቸውም ማጭድ ሳይነኩ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ዋሉ። ውሃ የምታቀብለውን እኅታችንን ብዙነሽን እንኳ ሳይቀር ጠየቁ። እኔማ፣ «እኒህ ሰውዬ ጠላችንን ሊጠጡ ነው የመጡት» ብዬ አምቻቸው ነበር።

ሲመሽ ጠርተውኝ፣ «ሰዉ አልሰነፈም፤ አባታችሁን አክብሮ ነው። መሪውን ቀድሞ የሚያጭድ የለም» አሉኝ። እውነትም አባታችን ዓይናቸው ስለደከመ ዛላውን በእጃቸው እየዳበሱ ነው የሚያጭዱት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላቸው ቆሞ ይጠብቃል።

በማግስቱ አለቃ ወደ አባታችን ሄደው፣ «ማጭድ የያዘማ ሞልቷል፤ ዘፈን አውራጅ ነው የጠፋው። እንደ አንቱ ያለ ድምፅ ከየት ይገኛል?» አሏቸው። አባታችን ደስ አላቸው፤ ብዙነሽም እጃቸውን ይዛ ጉብታው ላይ አወጣቻቸው። እሳቸው ሲያወርዱ፣ ደቦው እየተቀበለ ሲያጭድ፣ በረዶው ሳይመጣ ገብሱ ተከመረ። ሽማግሌ ሳያሳፍር ሥራ የሚያቀና እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም!

ብዙነሽ አገላብጣ ስማሃለች። የእመቤታችን ጥላ አይለይህ። ለጥምቀት ቅኔው ይቆይህና ና። ስትመጣ ዝም ብለህ እንዳትገባ፤ ከጉብታው ጀምረህ ተጣራ። አባታችን ድምፅህን ያውቁታል።