ሰባተኛው ትምህርት፣ አርባ አንደኛው ሰከንድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የመጀመሪያ ቀን። በር ላይ ጥበቃው «ልጅዎ የትኛው ክፍል ነው የሚሠራው?» አለኝ። ልጄን ፍለጋ አልመጣሁም፤ ተለማማጁ እኔ ነኝ አልኩት። ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ካርዱን። «ይግቡ አባት» አለ በመጨረሻ፣ ሐኪም ቤት በሽተኛ እንደሚያስገባ ሰው ቀስ ብሎ።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ሃያ ስምንቱን ሒሳብ አስተማርኩበት። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ይኸው አንገቴ ላይ «ተለማማጅ» የሚል ካርድ ተንጠልጥሏል። ሦስት ወር። ከዚያ ወይ ይቀጥሩኛል ወይ «እናመሰግናለን» ይሉኛል። ሌላ ያመለከትኩበት ሁሉ «ዕድሜዎ…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን እንኳ ሳይጨርስ ነው የሸኘኝ። ይሄ ካልሆነ… አላውቅም።

ሥራው በስልክ የሚታይ የሒሳብ ትምህርት ማዘጋጀት ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ በራሴ ድምፅ እቀርጻለሁ። አምስት አምስት ደቂቃ። አለቃዬ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ወንበሩ ላይ አጣጥፋ ስብሰባ ትመራለች። ተማሪዬ ብትሆን ኖሮ…

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ተጣላሁ። በሦስተኛው ቀን!

የሥዕል ሠራተኛው አንድ ሦስተኛን ለማሳየት ክብ ሠርቷል። በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ሦስት ቦታ ከፍሎታል። መሃሉ ከዳርና ከዳሩ ይሰፋል። ይሄ ምኑ ነው ሦስተኛ?

«ጋሼ፣ ለዓይን እንዲያምር ብዬ እኮ ነው።»

«አምሮ የተሳለ ውሸት ነው» አልኩት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ወዲያ ማዶ ያሉት ሁሉ የጆሮ ማዳመጫቸውን አወለቁ። አለቃዬ መጣች። ክቡን አየች። ማስመሪያ አመጣሁና ለካሁላት። ሳቀችብኝ… ግን «ሁሉም እንደገና ይሠራ» አለች። ሥዕሎቹ ከመቶ በላይ ናቸው። ልጁ እስከ ማታ አላናገረኝም። ትክክል ነበርኩ። ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ቀረጻ። ክፍሏ ቁም ሣጥን ታክላለች፤ ግድግዳዋ በስፖንጅ ተሸፍኗል። ድምፅ ቀራጩ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ «ጋሼ፣ ሰው አስቀይሞዎታል እንዴ ዛሬ?» አለኝ።

«አይ፣ ድምፄ ነው።»

«እሺ። ፊትዎን ግን ፈታ ያድርጉት። ፊት በድምፅ ይሰማል።»

ፊት በድምፅ ይሰማል! ምን ዓይነት ነገር ነው? ፊት ማያ መስታወት የለም እንጂ ቢኖር አየው ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

አሥራ አራቱም ትምህርቶች ለተማሪዎች ተለቀቁ። አንድ ስሕተት የለባቸውም። አንድ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

አለቃዬ ጠራችኝ። ኮምፒውተሯ ላይ መስመር አለ፤ ስንት ልጅ በየትኛው ሰከንድ ላይ ትምህርቱን ዘግቶ እንደወጣ የሚያሳይ። ሰባተኛው ትምህርት፣ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር። እስከ አርባ ሰከንድ መስመሩ ደህና ይሄዳል። አርባ አንድ ላይ ገደል ይገባል። ከሦስት ልጅ ሁለቱ ይወጣል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምን ተፈጥሮ ነው?»

«ስልካቸው ይሆናል።»

«የሁሉም? በአንድ ሰከንድ?»

ነደደኝ። የዛሬ ልጅ ትዕግሥት የለውም፣ ጣቱ ሁሌ መዝጊያው ላይ ነው፣ እኛ በጥቁር ሰሌዳና በአንድ መጽሐፍ ለአምስት… ብዙ አወራሁ። አስጨረሰችኝ። «ሦስተኛው ትምህርት ላይ ግን እስከ መጨረሻው ታግሰዋል» አለች። «ልጆቹ ያው ናቸው። እርስዎም ያው ነዎት።»

ከዚያ ስለ ሦስቱ ወር ማለቂያ አነሳች። ውሳኔው በዚህ መስመር ላይ እንደሚመሠረት… በጨዋ ቋንቋ ነገረችኝ። ገባኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

የእሷን ትርጓሜ አልቀበልም ብዬ ራሴ ቆጠርኩ። አሥራ አራቱንም ከመስመሩ ጋር እያስተያየሁ፣ እርሳስ ይዤ፣ ሰከንድ በሰከንድ አዳመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ፈጀ።

አርባ አንደኛው ሰከንድ ላይ እንዲህ ብሎ ይጨርሳል ሰውዬው፣ እኔው፦ «ታህቶቹ ስለሚለያዩ መጀመሪያ እናመሳስላቸዋለን፤ ይሄ ግልጽ ነው።»

ሌላው ትምህርት ላይም አለ። ሌላውም ላይ። በጠቅላላው ሃያ ሦስት ጊዜ «ግልጽ ነው» ብያለሁ። ከሃያ ሦስቱ በአሥራ ዘጠኙ፣ ካልኩ በኋላ አሥር ሰከንድ ሳይሞላ መስመሩ ይወርዳል። ሦስተኛው ትምህርት ላይ? አንድም ጊዜ አላልኩም።

ሁለቴ ቆጠርኩ። ያው ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ልብስ ታጥፋለች። «ግልጽ ነው የምለው ነገር አለ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሸሚዜን እንደያዘች ሳቀች። «አለ እንዴ ይባላል? ቧንቧ ሊሠራ የመጣውን ሰውዬ እንኳ ስለ ቧንቧ ግልጽ ነው ብለህ አስረድተኸዋል!»

«አንቺንስ?»

«እኔ እሱን ስትል ቶሎ ብዬ እሺ ነው የምልህ።»

«ለምን?»

«ግልጽ ነው ካልክ በኋላ አልገባኝም ብል ደደቧ እኔ ነኛ።» እንዲሁ ነው ያለችው፣ እጅጌውን እያስተካከለች፣ ያለ ቅሬታ። ወደሚቀጥለው ልብስ አለፈች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ሃያ ሦስቱንም በንጹሕ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ወረቀቱን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሃያ ሦስቱም፣ ከነሰከንዳቸው። ለካ እሷ መስመሩን እንጂ ቃሉን አላየችውም ነበር። ብደብቀው ማንም አያውቅም ነበር ማለት ነው… አሁን ነው ያሰብኩት። ስሰጣት አላሰብኩትም።

ደጋግማ አነበበች። «ይሄን እርስዎ ነዎት የሠሩት? በራስዎ ላይ?»

«የማን ስሕተት እንደሆነ በቁጥር መታወቅ አለበት።»

አሥራ አራቱንም እንደገና ልቅረጽ አልኩ። ጊዜ የለም አለች። «ሰባተኛዋን ብቻ ይሥሯትና እንያት።»

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

እየተሰቃየሁ ነው። «ግልጽ ነው»ን ስሰርዝ በቦታው ምን ይግባ? ለምን ነው ታህት የሚመሳሰለው? እውነት ለምን? አውቀዋለሁ… ግን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተናግሬው አላውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት በዚያች ቃል ዘልዬው ነው የኖርኩት።

ለሠላሳ ሰከንድ ንግግር አራት ቀን። ሥዕል ሠራተኛውን ሄጄ ለመንኩት። ለመንኩት ነው የምለው። አንድ ወረቀት ግማሽ፣ ያንኑ የሚያክል ሌላ ወረቀት ሲሶ፤ ቁራጮቹ እኩል አይደሉም፣ አንድ ላይ እንዴት ይቆጠራሉ? ሁለቱንም ስድስት ስድስት ቦታ ስንከፍላቸው ግን…

«ጋሼ፣ ማስመሪያ ይዘው ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ለካ ጥርሱ ፍንጭት ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ቀረጽኩ። ሰባት ጊዜ። አንዴ አመለጠኝ፤ «ግል…» ስል ድምፅ ቀራጩ መስታወቱን መታ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ውጤት። በፊት ከሦስት ልጅ ሁለቱ ይወጣ ነበር። አሁን አንዱ። አለቃዬ አጨበጨበች። ያ አንዱስ ለምን ይወጣል? ስላት «ጋሼ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ደስ ይበልዎት እንጂ!» አለች። ደስ ብሎኛል። ያ አንዱ ግን ለምን ይወጣል?

ዓርብ፣ ጥር 2

ውሳኔ። ይቀጥሩኛል።

ግን ለቀረጻ አይደለም። ድምፁን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። የሚፈልጉኝ ልጆች አጠገብ ተቀምጬ ስልኩን ሲጠቀሙ እንዳይ፣ የት ላይ እንደሚቆሙ እንድጽፍ ነው። አንድ ደንብ ብቻ አለ፦ ልጁ ካልጠየቀ አፍ አይከፈትም።

«ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማረ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጥ ነው የምትይኝ?»

«አዎ ጋሼ። ዝም ብሎ።»

«ለምን እኔ?»

«በራሱ ላይ ሃያ ሦስት ስሕተት ቆጥሮ የሚያመጣ ሌላ ሰው ስለሌለኝ።»

ሰኞ እመልስልሻለሁ ብዬ ወጣሁ። ክብሬን ነክታዋለች? ወይስ… መንገዱን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ደረስኩ። ባለቤቴ ስትሰማ «አንተ? ዝም? ስንት ደቂቃ?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስትጨርስ ግን ዓይኗን ጠርጋ «ሂድ፤ ያምርብሃል» አለችኝ።

ሰኞ፣ ጥር 5

ፈረምኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

የመጀመሪያዋ ልጅ። አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ሹሩባዋ ግማሽ የተፈታ። የትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር። እኔ ጎኗ፣ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ።

ሰባተኛውን ትምህርት እስከ መጨረሻው አየች። ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ። ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራ። ያንን ጥፋት በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ በቀይ እርሳስ መታሁት! ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ምላሴን ነከስኩ።

ስልኩ ትክክል አይደለም አላት። አጠፋችና ያንኑ ጻፈች። እንደገና ትክክል አይደለም። ጥፍሯን ነከሰች። ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን ነው የምታየው። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር እንጃ… ፈታ ላደርገው ሞክሬ ነበር።

«አልገባኝም» አለች።

ብዕሬ ቆመ። ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» እል ነበር፤ «አዎ መምህር!» ይሉ ነበር አምሳው በአንድ አፍ፤ እኔም ወደሚቀጥለው ገጽ እሄድ ነበር። ይህችን ቃል ከልጅ አፍ ስሰማ በሃያ ስምንት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። አንድም ቀን አልተባልኩም። አንድም ቀን!

ወንበሬን አስጠጋሁ።

«የቱ ጋ?» አልኳት።