ስማቸውን ከፀጉር ቤቱ ስም አግዝፈው የጻፉት አባታችን

ታፔላ ጸሐፊው አባታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው እንደሚሉት ሳይድሁ ለመሮጥ የሞከሩ ልጅ ነበሩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ደብተራቸውን የሞላው ግን የገዛ ፊርማቸው ነበር።

በ1958 ዓ.ም. ከአንድ ታፔላ ጸሐፊ ዘንድ ተቀጠሩ። ሀገር የሚያውቀው ሰው የመሆን ምኞት እንቅልፍ ስለነሳቸው ዓመት ሳይሞላቸው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያ ደንበኛቸው በዋናው መንገድ ጥግ ሱቅ የከፈቱ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። አባታችን "ፀጉር ቤት" የሚለውን በትንሹ፣ የራሳቸውን ስም ከሥሩ በቀይ ቀለም በትልቁ ጻፉ። ሰው ሁሉ የባለሱቁ ስም መሰለው። በሳምንቱ ስማቸው በየሰዉ አፍ ገባ፤ ስሙ የእሳቸው፣ በስሙ የሚቀርበው ሰላምታ ግን የፀጉር አስተካካዩ ሆነ። ታፔላውን ላስተካክል ብለው ቢለምኑም ሰውየው "ገበያ አምጥቶልኛል፣ እንዳትነካብኝ!" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ነገሩ ሰፈሩን ሲያስቅ ኖሯል፤ እሳቸውን ግን አላሳቃቸውም።

ከዚያ ወዲህ እግራቸው አንድ ቦታ አልረጋም። አሥራ አንድ ዓመት ከከተማ ከተማ እየዞሩ በመድኃኒት ቤቱም በጋራዡም በፎቶ ቤቱም ታፔላ ላይ ስማቸውን ጻፉ። ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ተመልሰው ያደምቁታል።

በ1971 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። እናታችን "ባለቀለሙ" ይሏቸው ነበር እንጂ በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም። "ስምህንማ ከተማው ይጥራልህ" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

በማሽን የሚታተም ታፔላ ሲመጣ ሥራቸው ቀዘቀዘ። አንድ ቅዳሜ የመጀመሪያ ልጃቸውን አስከትለው የጻፏቸውን ታፔላዎች ፍለጋ ሲዞሩ ዋሉ። አንድም አላገኙም። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ስድስት ወር ሆስፒታል ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪሞቹ ይተኙ ቢሏቸውም በየጠዋቱ ጫማዬን አምጡ ይሉ ነበር። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ እናታችንን "እስቲ ዛሬ በስሜ ጥሪኝ" አሏቸው። እናታችን አፍረው በሹክሹክታ ጠሩ። "አልሰማሁም፣ ጮክ በይ!" አሉ። እናታችን ጮክ ብለው ጠሩ፤ በክፍሉ የነበሩት ሕሙማንና አስታማሚዎች ሁሉ ዞረው አዩ።

አባታችን "አቤት" አሉ።

በማግስቱ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። በሕይወት ሳሉ ቁጭ ማለት ላልሆነላት ነፍሳቸው ፈጣሪ መቀመጫ ይስጥልን።