ልጄን ከስፖርት ነፃ ላደረጓት ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ የቀበሌያችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤

የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና አምላክ ይጠብቅልን እያልኩ፣ በተለይ ያን ሁሉ ሰዓት ወንበር ላይ የሚውለው ወገብዎ እንደምን እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ከማንኩሳ ወዲህ ባለው ደብር የዜማ መምህር፣ የሰባተኛ ክፍሏ የውዳሴ አባት ነኝ።

አንደኛ፤ ባለፈው መስከረም የልጄ አንድ ትከሻ ከሌላው ከፍ ብሎ ብናየው ፍኖተ ሰላም ወስደን አስመረመርናት። ሐኪሟ አከርካሪዋ በመጠኑ መጣመሙን፣ ስሙም ስኮሊዮሲስ መሆኑን ነገሩን፤ ስፖርት አጥንቱን ባያቀናው እንኳ ጀርባዋን ስለሚያጠነክርና ትንፋሿን ስለሚያግዝ፣ እንደ ጓደኞቿ ትሩጥ፣ ትዝለል ብለው ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። ወረቀቱን በእጄ አመጣሁልዎት። እርስዎም፣ ምስጋና ይድረስዎና፣ ሳያነቡት ከስፖርት ነፃ የሆኑ ተማሪዎች ፋይል ውስጥ አስገቡት። እርግጥ አልፈርድብዎትም፤ የሐኪም ማኅተም ይዞ ልጄን አጫውቱልኝ ያለ ወላጅ እስከዛሬ መጥቶ አያውቅም፤ ማኅተም የያዘ ሁሉ አስቀምጡልኝ ባይ ነበር።

ሁለተኛ፤ ልጄ ሥራ እንዳትፈታ በማሰብ፣ ጓደኞቿ ኳስ ሲጫወቱ ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ የስድሳ ልጅ ደብተርና ጫማ እንድትጠብቅ ስላደረጉ እናመሰግናለን። እስካሁን አንድም ጫማ አልጠፋም።

ሦስተኛ፤ ስሕተቱን ላስረዳ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻው ቀን፣ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል አሉኝ። ጌታዬ፣ አንድ ነገር እኮ ሆናለች። ከቤት እስከ ወንዝ እኔን ቀድማ ትሮጥ የነበረች ልጅ፣ ዛሬ ጎንበስ ብላ ዕቃ ለማንሳት እንኳ እሰበራለሁ ብላ ትፈራለች። ይህን ፍርሃት ከሐኪም ቤት አላመጣችውም፤ ከእርስዎ ግቢ ነው ይዛው የመጣችው። አንጀቴ አሯል፤ በጨዋ ቋንቋ የምጽፈውም ሌላ ቋንቋ ስላልተማርኩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ከፋይሉ አውጥተው፣ አራት መስመር ብቻ ናትና፣ እንዲያነቧት እለምናለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ትዕግሥት ካለቀበት ግን አክብሮት ካልጎደለው ልብ፣

መሪጌታ ሀብተሚካኤል

ማስታወሻ፦ ለወላጆች በዓል አግዳሚ ወንበር ከአዳራሽ ወደ ሜዳ የሚሸከሙ ተማሪዎች ስም ዝርዝር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አየሁ። ውዳሴ ሁለተኛ ተራ ቁጥር ላይ አለች። ለሸክሙ ቀን ጀርባዋ ስለዳነላችሁ እግዚአብሔር ይመስገን።