ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት የዓሣ ነባሪ ጥርስ

እኔ ሂው ትሬሎር፣ በፊጂ የናሮሲ ወረዳ ሹም፣ ሰውነቴ በተስቦ ቢዝልም አእምሮዬ ሳይታወክ፣ ዛሬ መጋቢት 9 ቀን 1911 እ.ኤ.አ. በምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፍልኝ ለትምህርት ቤት ዕረፍት እኔ ዘንድ የመጣው ታናሽ ወንድሜ ሪስ ነው።

መጻሕፍቴና ሰዓቴ ለሪስ ይሁኑ። ጀልባዬ ለሐኪም ቤቱ ትሰጥ፤ ከረግረጉ መንደር በሽተኛ ታመላልስ።

በአለቃዬ በሆስኪን ላይ የመሠረትኩትን የስም ማጥፋት ክስ ትቻለሁ። በጋዜጣ ላይ «ይህ ሹም ጥርሱን ተቀብሎ ቃሉን በላ» ብሎ ጻፈብኝ። ቢሮው ጠርቶ ቢሰድበኝ እችለው ነበር፤ በአደባባይ ማዋረዱ ዛሬም ያንገበግበኛል። የጻፈው ግን እውነት ነው።

የመንደሩ ሽማግሌ ቪሊኬሳ የዓሣ ነባሪ ጥርስ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «መንደራችንን ከወንዙ ዳር አታንሳብን» ብለው ለመኑኝ። በዚህ አገር ጥርሱን የተቀበለ ልመናውን ተቀብሏል። እኔ ስጦታ መስሎኝ አመስግኜ ሰቀልኩት። ሃምሳ አለቃ አፔኒሳ «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ጌጥ አይደለም» ሲለኝ ሳቅሁበት። በወሩ መንደሩን ወደ ረግረጉ አዛወርኩ። የቪሊኬሳ የልጅ ልጅ ሊቲያ የዚያን ውኃ ጠጥታ በተስቦ ሞተች። እኔንም የያዘኝ ያው ተስቦ ነው።

ጥርሱ ለቪሊኬሳ ይመለስ። መንደሩንም ወደ ወንዙ እንዲመልሱት ሚስተር ሆስኪንን እለምናቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ምስክሩ ቪሊኬሳ አቋረጡኝ። ሪስ፣ የተባባልነውን እንዳለ ጻፈው።

«አልቀበልም» አሉ። «ጥርስ ተኝተው አይሰጡም። ሰጪው ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰጠኝ።»

«መነሳት እንዳልቻልኩ እያዩ?»

«ይሄ ቀለም በቀለም የሆነው ወንድምህስ? እግር የለውም?»

አፔኒሳ ሳቀ። «ስንት ሰዓት ሊያስቀምጡት ነው፣ አባባ?»

«አንጀቴ እስኪርስ።»

እንግዲህ ሪስ ይሂድ። ወንድሜ፣ ለጓደኞችህ «የወንድሜን ስም አጠፉት» እያልክ ማውራትህን ተው። የማወርስህ ክሱን ሳይሆን ይህን መንገድ ነው።

ምስክሮች፦ ቪሊኬሳ (የጣት አሻራ)፣ ሃምሳ አለቃ አፔኒሳ (ፊርማ)

የተናዛዥ ፊርማ፦ የለም። ብዕሩን እጁ ላይ ሳደርግለት ወንድሜ ዐረፈ። ሃምሳ አለቃው «ያልተፈረመ ኑዛዜ አያስገድድህም» ብለውኛል። ጥርሱን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ። ከቀብሩ መልስ ቪሊኬሳ ደጅ እቀመጣለሁ።

ጸሐፊ፦ ሪስ ትሬሎር