ሠላሳ ዲግሪ ስትዪኝ

ልጄ ሶሊያና፣

እመቤቴ በዚያ በለንደን ሙቀት ጥላ ትሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ትናንት በስልክ «ሠላሳ ዲግሪ ገባ፤ አለቅን» ስትዪኝ ብርድ መስሎኝ ወፍራም ሹራብ ልበሺ አልኩሽ። እዚህ ሚኒሶታ የሚለካው በፋራናይት ስለሆነ ሠላሳ ማለት በረዶ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በዘጠኝ አባዝቼ፣ ለአምስት አካፍዬ፣ ሠላሳ ሁለት ስደምርበት ሰማንያ ስድስት መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ተሳሳትኩ፤ እርማቴን ተቀበዪኝ።

እዚህ እኛ ሰፈር ኮሎምቢያ ሃይትስም ሞቋል። ኤሲው ተበላሽቶ ጎረቤታችን አቶ ፍረዝጊ መጥተው ሠሩልኝ። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ሰዉ ሻይ በያዘ ቁጥር ስለ ሙቀቱና ስለ ንጉሡ እንደሚያወራ ስነግራቸው፣ «ቲቸር፣ እኛ ንጉሣችንን አውርደን እዚህ ደረስን፤ እነሱ የነሱን አስቀምጠው ስለ ፀሐይ ያወራሉ። ታድለው!» ብለው ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ለቅሶም አይመጣልኝም። አባትሽ ካረፈ ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው።

አንቺም እንደ መሥሪያ ቤትሽ ሰዎች ሆነሻል። በደወልሽ ቁጥር ሙቀቱንና ንጉሡን ትነግሪኛለሽ። እኔም የምመልሰው እንዳላጣ ጠዋት ጠዋት የለንደንን የአየር ሁኔታ አነባለሁ። አልተቀየምኩሽም። ግን ከቀብሩ ከተመለስሽ ወዲህ ሁለታችንም አባትሽን አንድ ቀን እንኳ አላነሳነውም።

አርባው አሥራ ስምንት ቀን ቀረው። ፈቃድ ካልሰጡሽ ነይ ብዬ አልጫንሽም። በዚያን ቀን ግን ደውዪልኝ። ሙቀቱን አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ እሰማሻለሁ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ «አባዬ» በዪልኝ።

ውሃ ጠጪ። እግዚአብሔር መግቢያ መውጫሽን ይጠብቅልኝ።

እናትሽ