ስለዚያ የአበባ ጉንጉን ፎቶ

ከእማዬ ጋር ተጋግዘሽ ላሳደግሽኝ ለውድ እህቴ ለእታለም ጌጤ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሐዘኑ እንዴት አድርጎሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ድንኳን ውስጥ በመቀመጥ ብዛት አልተነሳብሽም? እህል ትቀምሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ጋሽ ይርጋ እንዴት ናቸው? ጽዮንና አቤል አያታቸውን እየጠየቁ አላስቸገሩሽም? ሁልጊዜ ስጽፍልሽ ቀድሜ የምጠይቅሽ የእማዬን ጉልበት ነበር። ዛሬም እጄ ለምዶበት ጻፈው፤ ሰረዝኩት። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልዋሽሽም፣ ደህና አይደለሁም።

ስደውል አታነሺልኝም፤ የላክሁልሽን የድምፅ መልእክትም አልከፈትሽውም። እትዬ ኣስገደት፣ ማለት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ያላቸው ሴትዮ፣ ደውለው ሊያስረዱሽ ሲሞክሩ «እሱ አስጠንቶ ነው ያስደወለዎት» ብለሽ ዘጋሽባቸው አሉ። ቸገረኝ። ስለዚህ ወደ አገር ቤት ለምትመጣ ሴት ይህን ወረቀት ሰጠኋት። በእኔ ብትቆጪም እንግዳ በእጁ ይዞ የመጣውን የምትመልሺ ሰው አይደለሽም።

ፎቶውን የአክስታችን ልጅ እዚያው ድንኳን ውስጥ እንዳሳየችሽ ሰምቻለሁ። እማዬ አፈር በለበሰችበት ቀን ወንድምሽ ሮም ላይ የአበባ ጉንጉን አጥልቆ፣ ግንባሩን ቀይ ተቀብቶ፣ ጉንጩ እስኪወጠር ጎርሶ ይስቃል። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እንዲሁ አንጀቴ ያርር ነበር። «እናቱ ስትቀበር ይጨፍራል፤ ሃይማኖቱንም ለውጧል» ተባልኩ አሉ። እታለም፣ እኔ አላወቅኩም ነበር። ያን ቀን እናት ያለችኝ ሰው ነበርኩ።

አንቺ እሁድ ማታ፣ በቀብሯ ዋዜማ፣ ለእትዬ ኣስገደት ደውለሽ በወጉ አርዱልኝ ስትያቸው፣ በማግስቱ ጠዋት የተነገረኝ መስሎሻል። እዚህ ግን መርዶም ቀጠሮ ያስፈልገዋል። ብቻውን መጥቶ የሚያረዳ ሰው የለም፤ ሰብሰብ ብሎ በማለዳ መምጣት ነው ወጉ። የሚሰበሰቡት ሴቶች ደግሞ ሁሉም ባዳንቴ ናቸው፣ የጣሊያን አሮጊትና ሽማግሌ እየጠበቁ እዚያው ያድራሉ። ከቤት የሚለቀቁት ሐሙስና እሁድ ነው። እሁዱ አልቆ ስለነበር ለሐሙስ ተቀጣጠሩ። ማንም አልበደለኝም፣ ሁሉም ወጉን ሊጠብቁልኝ ነው። የምቆጣበት ሰው እንኳ አጣሁ።

ሰኞ የምሠራበት ሪስቶራንቴ ዝግ ነው። አብሮኝ ሳህን የሚያጥብ ራሜሽ የሚባል ህንዳዊ አለ፤ ስለ እሱ ጽፌልሽ አውቃለሁ። ያ ሰኞ ዲዋሊ የሚሉት ትልቁ በዓላቸው ነበር፣ በየደጁ መብራት የሚያበሩበት። «አሎራ፣ ታዲያ በበዓል ቀን ብቻህን አልጋ ላይ ልትጋደም ነው?» ብሎ ጎትቶ ወደ ሰፈራቸው ወሰደኝ። በበዓሉ ከዘመድ ዘመድ፣ ከጎረቤት ጎረቤት እየተዞረ ነው የሚበላው።

የመጀመሪያው ቤት እንደገባን እናንተ እንዳሳደጋችሁኝ «ጠግቤያለሁ፣ ይብቃኝ» አልኩ። እማዬ ሰው ቤት ስንሄድ ደጋግመው ሳይለምኗችሁ እጃችሁን እንዳትዘረጉ ትለን አልነበር? እነሱ ደግሞ ለመለመን የተፈጠሩ ናቸው። ድንች የተሞላ የእኛኑ ሳምቡሳ የመሰለ ነገር፣ በሽንብራ ዱቄትና በቅቤ የተድቦለቦለ ጣፋጭ፣ እስኪጠጥር ድረስ የተንተከተከ ወተት ከስኳር ጋር፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ። የናቅኋቸው እንዳይመስላቸው ሳህኔን ጠርጌ እበላለሁ፤ ጠርጌ ስበላ ገና አልጠገበም ብለው ይጨምሩልኛል። ሁለተኛው ቤት ላይ ቀበቶዬን በስውር አላላሁ። ራሜሽ ራሱ መተንፈስ አቅቶት «ማንጃ፣ ማንጃ፣ ብላ እንጂ» እያለ ይስቅብኛል። ስሜን እንኳ በቅጡ የማይጠሩ ሰዎች «በሞቴ» የሚሉኝ ነው የሚመስለው። እታለም፣ እዚህ አገር ሰው ሲለምነኝ ከመንገዱ ዞር እንድልለት ነው። ብላ ብሎ የለመነኝ አልነበረም፤ ጨርሶ ሆዴ ባባ።

ሦስተኛው ቤት የራሱ የራሜሽ ነው። እናቱ በር ላይ ቆመው ለሚገባው ሁሉ አበባ ያጠልቃሉ፣ ግንባሩን በጣታቸው ቀይ ይነኩታል። ለእንግዳ ምርቃት ነው አሉኝ። ትንሽ ሰጋሁ፣ አልደብቅሽም፤ ግን የአንዲት አሮጊትን እጅ ከፊቴ ላይ መግፋት አልቻልኩም። ማተቤን አልበጠስኩም። ፎቶውን ደህና አድርገሽ ካየሽው ጥቁሩ ክር ከአበባው ሥር ይታያል። ያነሳችውና ስሜን አያይዛ ኢንተርኔት ላይ የለጠፈችው የቤቱ ልጅ ናት፤ እሷ ምን ታውቃለች።

ስወጣ ካርቶን ሙሉ ጣፋጭ አስያዙኝ። አመሻሽ ላይ ለእትዬ ኣስገደት ላቀምሳቸው ብዬ ምግብ ቤታቸው ጎራ አልኩ፤ አበባውን እንኳ አላወለቅኩም። ከሁለት ሴቶች ጋር ጓዳ በር ላይ ቆመው ያወሩ ነበር፤ ሲያዩኝ ጸጥ አሉ። ለካ የሐሙሱን እየተነጋገሩ ነበር። እኔ ደስታዬ ልኩን አልፎ በእጄ ላጉርስዎት አልኳቸው። አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉኝ። አንድ ብቻማ አይሆንም ብዬ ደገምኳቸው፤ ሁለተኛውን ሲጎርሱ እንባቸው ወረደ። ስኳሩ ጥርሴን ነክቶኝ ነው አሉ። እኔም ሳቅሁባቸው። ይቺ ሳቅ አሁን እንቅልፍ ትነሳኛለች።

ሐሙስ ማለዳ በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ፤ ደረጃው በጥቁር ልብስ ሞልቷል። ማንም ሳይናገር ገባኝ። የሆነውን ብዙም አላስታውስም። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች አልጋዎቹን ግድግዳ አስጠግተው ለለቀስተኛ ቦታ አበጁ። እህል አልወርድ አለኝ፤ እትዬ ኣስገደት ለምነው ለምነው ተዉኝ። ከሥራ ስቀር ራሜሽ እናቱን ይዞ መጣ። ነጭ ለብሰው ነው የመጡት፤ የእነሱ ሐዘን ልብስ ነጭ ነው። በቋንቋ አንግባባም። መሬት ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ሩዝ በእጃቸው ጠቅለል አድርገው ወደ አፌ አመጡ፣ እኔም ጎረስኩ።

አሁን ለአርባዋ ካልመጣ ወንድም የለኝም ብለሻል አሉ። ምን ልበልሽ? ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ለእድሳት ገብቶ አልወጣም። ቢወጣም፣ የሚሰጡኝ የስደተኛ የጉዞ ወረቀት ከኢትዮጵያ በስተቀር ወደ ሌላው አገር ሁሉ ያስኬዳል። ወደ ማላውቀው አገር ሁሉ መሄድ እችላለሁ፣ እማዬ ያለችበት ብቻ ነው የተዘጋብኝ። ጉዳዬን የያዘችውን ጠበቃ ጠየቅኋት፣ አንገቷን ነቀነቀች። ቄሱን ጠየቅኋቸው፣ እዚሁ ጸሎት እናደርጋለን አሉ። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ደረቴን ባልመታላት፣ አፈር ባላለብሳት፣ ለተዝካሯ እንኳ ድንኳን መትከል አልቻልኩም። እጄ ሁለት ሆኖ ምንም አልሠራ አለ።

አንድ ነገር ግን እወቂልኝ። ፎቶው ሊነሳ ሲል የራሜሽ እናት በልጃቸው በኩል እናት አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለችኝ፣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት አልኩ። እንግዲያው እሷ ሩቅ ስለሆነች ድርሻዋን አንተ ብላላት አሉና ትልቁን መርጠው አጎረሱኝ። ያን ጊዜ ነው ልጅቷ ያነሳችን። እናንተ ከቀብር ተመልሳችሁ እጃችሁን ስትታጠቡ፣ እኔ እዚህ ደህና ናት እያልኩ እየበላሁላት ነበር። በአፌ የምታዪው የእኔ አይደለም፣ የእማዬ ነው። ፎቶውን አታጥፊው።

ለአርባዋ ድኃ ስታበሉ አንድ የማታውቂውን መንገደኛ ፈልጊና በእኔ ፈንታ በእጅሽ አጉርሺልኝ። እምቢ ካለሽ ለምኚው።

ጋሽ ይርጋን ስለ ድንኳኑም ስለ ሁሉም እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። ጽዮንንና አቤልን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እማማ የሺወርቅን፣ እማዬን አጥበው የገነዙ እጃቸውን ሳሚልኝ። የእድሩን ሰዎች ሁሉ ብድራችሁን ይክፈላችሁ በይልኝ። አንቺን ግን እኔው ነኝ የምለምንሽ፤ ስደውል አንሺልኝ። መናገር ካቃተሽ አትናገሪ። አንሺውና ዝም በይ፣ ትንፋሽሽን ልስማ።

ወንድምሽ መሳይ
ሮም፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.