ተቃውሞ ያለው ካለ

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4
ሱቅ ውዬ መጣሁ። አንዲት ሴትዮ ለአንድ መስኮት የሱቁን መጋረጃ ሁሉ አስወርዳኝ "ባሌን ላማክር" ብላ ሄደች። ታድላ።

ወደ ማታ እጮኛዬ ማርቆስ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲወጣ ጎራ አለ። ለአዲሱ ቤታችን መኝታ ክፍል መጋረጃው ሐምራዊ ይሁን ክሬም?

"አንቺ እንዳልሽ።"

ቢጫስ?

"ቢጫም ጥሩ ነው።"

ቢጫው ያስጠላል። ሆን ብዬ ነው ያልኩት። ሠርጉ ጥር 17 ነው... ይሄን ሰው ላግባው?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6
ቸርች ስማችን ተነበበ። እንደ ደንቡ ሦስት እሑድ ይነበባል። "በዚህ ጋብቻ ላይ ተቃውሞ ያለው ካለ ለሽማግሌዎች ያመልክት።" ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከሙሽሪት በስተቀር ማንም የለም።

ለእማዬ ጥርጣሬዬን ነገርኳት።

"ይጠጣል?" አይ። "ይሳደባል?" ኧረ። "ታዲያ ምን ያድርግ ነው የምትዪው?"

እምቢ ይበል። አንዴ እንኳን።

ግንባሬን ዳሰሰች። ትኩሳት የለኝም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9
ማርቆስ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። ዶሮ መስሏል። ፀጉር ቆራጩን ለምን አላስቆምከውም? "አንዴ ጀምሮት ነበር..."

ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ፈራሁ። ነገ ዘመድ መጥቶ መኝታ ቤታችሁን ልቀቁልኝ ቢለው እሺ ይላል። ልጃችሁን እኛ እናሳድግ ቢሉትም... ቤት እኮ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ዕድሜ ልኬን እኔው ልቁም? ገና ሳልጀምር ደከመኝ። ሦስተኛው እሑድ ሳይደርስ ልናገር ይሆን?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11
ፎቶ አንሺው ሙህዲን ሱቅ መጣ። "ሐይቅ ዳር ያልተነሳ ሙሽራ የለም። ባለፈው ደግሞ ያ ራሰ በራ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ የአንዷን ቬሎ አበላሸብኝ። ሰንቀሌ ፓርክ እንሂድ። እዚያ ያለው ቆርኬ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም።"

ነገ እንሄዳለን። ማርቆስን ጠየቅኩት። ምን እንዳለ መጻፍ አያስፈልግም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12
በአቧራ መንገድ፣ በነጭ ቬሎ። ጎበዝ ሐዳሳ።

የፓርኩ ጠባቂ ጋሽ ሽበሺ ተቀበሉን። ሣሩ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። አንዲት ከርከሮ ልጆቿን አስከትላ ጅራቷን አንቴና አድርጋ አለፈች። ለሙሽራ ግድ የላትም። ቆርኬዎቹ ግን ቆመው አዩን። ቀይ ቡናማ፣ ፊታቸው ረጅም። ቢሮ ሄዶ "ነገ ና" የተባለ ባለጉዳይ ፊት ነው ያላቸው። ወደድኳቸው።

"ግልገል ካያችሁ እንዳትነኩ" አሉ ጋሽ ሽበሺ። "እናትየዋ ደብቃው ነው የምትሄደው። ሰው ሰው ከሸተተባት ልትተወው ትችላለች።" ከዚያ ፓርኩ ውስጥ የገቡ ከብቶች ሊያስወጡ ሄዱ።

እግሬ ሥር አንድ ግልገል አገኘሁ። ሣር ውስጥ ተጣጥፎ ተኝቷል። ዓይኑ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ሙህዲን አበደ። "እቀፊው! አንድ ክሊክ ብቻ! ሽማግሌው ሳይመለሱ!"

እውነቱን ልጻፍ፣ እኔም አማረኝ። ጎንበስ ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

"አይሆንም።"

ሌላ ሰው የመጣ መሰለኝ። ቀና ስል ማርቆስ ነው።

"ምን አልክ?"

"አይሆንም ሐዳሳ። ተይው።"

"ማርቆሴ፣ ለሠርግህ እኮ ነው..." አለ ሙህዲን።

"አይሆንም አልኩ!"

በሙሉ ልብሱ በእኔና በግልገሉ መሃል ገብቶ ቆመ። አልተነቃነቀም። ያ ዶሮ ፀጉሩ ራሱ ያምርበት ጀመር።

ርቀን አንድ ግራር ሥር ተቀመጥን። ቆየን። ሙህዲን አኩርፏል። ከዚያ አንዷ ቆርኬ ከመንጋው ተነጥላ፣ ቆም እያለች እያየችን መጣች። ግልገሉ በቀጫጭን እግሮቹ ተነሳና ሆዷ ሥር ገባ። አለቀስኩ። ኩሌ ቬሎዬ ላይ ወረደ። አባ ኮዳ አላስፈለገም።

"ይቅርታ፣ ጮህኩብሽ" አለኝ ማርቆስ።

ይቅርታህን መልስ አልኩት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13
ሁለተኛው ተነበበ። ተቃዋሚ የለም። ሙሽሪትም ብትሆን።

እሑድ፣ ጥር 25
ከሠርጉ ስምንተኛ ቀን። ሐምራዊውን መጋረጃ ከሱቅ ይዤ መጣሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ ልሰቅል ስል...

"አይሆንም። ጠዋት ፀሐይዋ እንድትገባ እፈልጋለሁ።"

የመጋረጃ ነጋዴ ቤት ያለ መጋረጃ? ሰው ምን ይለኛል? "የፈለገውን ይበል።" ተጨቃጨቅን። ጎረቤቶች በባዶው መስኮት ሳያዩን አልቀሩም። ተሸነፍኩ። በጣም ተናድጃለሁ።

ሳሎን የሰቀልነው ፎቶ የሁለታችንንም ጀርባ ነው የሚያሳየው፤ እኔ በቬሎ፣ እሱ በዶሮ ፀጉሩ፣ ሣር ሣሩን እያየን። እንግዳ ሁሉ "ቆርኬው የታለ?" ይላል። ሩቅ ናት፣ እላለሁ። ከልጇ ጋር ናት።

አሁን እሱ ተኝቷል። ጨረቃዋ እስከ አልጋችን ገብታለች። ደስ ብሎኛል። ነገ ግን አልነግረውም።